የመጋዘኑ ግድግዳ

«ቀዳዳ! ኑ፣ ኧረ ኑ! ቀዳዳ ነው ይሄ!»

ሀልካኖ ከመጋዘኑ ውስጥ ሲጮህ ዳኜ ጀሪካኑን ከእጁ ጥሎ ሮጠ። ታላቅ እኅቱ አበበችም የነጠላዋን ጫፍ እየሰበሰበች ተከተለችው። ሚስቱ ብዙወርቅ ግን አልሮጠችም፤ መሮጥ ከተወች ሰነባብታለች። ግቢውን ለማቋረጥ እንኳ አንዴ ከምሰሶው፣ አንዴ ከውኃው በርሜል መደገፍ ነበረባት። ልቧ የተባረረች ዶሮ ልብ ይመስል ይደልቃል። የመጋዘኑ በር ላይ ስትደርስ ቆም ብላ አፏን በመዳፏ ጠረገች። ለምን እንደጠረገችው ከእሷና ከፈጣሪዋ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

መጋዘኑ ከሆቴሉ በፊት የነበረ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። ዳኜ ንጋት ሆቴልን በብሎኬት ሲያሠራ «ለዱቄትና ለስኳር ይበቃል» ብሎ ሳያፈርሰው ተወው። ከጀርባው ጠባብ የእግር መንገድ አለ፤ በደህናው ጊዜ የወተት ሻጮችና የተማሪዎች መተላለፊያ ነበር፤ አሁን ግን ጠመንጃ ያነገቡ ጎረምሶች ሲሮጡበት ኮቴያቸው ብቻ ይሰማል። እነሆ ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ፣ ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በሁለት ማገር መካከል ያለው ጭቃ ተቦርቡሮ አልቆ የጠዋቷ ፀሐይ ሰተት ብላ ገብታለች። የሻይ ብርጭቆ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነው።

ሀልካኖ ተንበርክኮ በጣቱ ዳሰሰው። የናይሮቢ መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሳሙናና የምግብ ዘይት አራግፎ ሊመለስ ሲል ከተማው ተዘግቶበት ዳኜ ቤት የቀረ። ወፍራም፣ ደግ፣ ሲፈራ ግን የሚቆጣ ሰው ነው። አማርኛው የገበያ አማርኛ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርገዋል።

«አይጥ አይደለም ይሄ» አለ። «እየው ዳኜ፣ ጥፍር ነው። ሰው ነው የቆፈረው። ከውስጥ!»

«ከውስጥ?» አለ ዳኜ።

«አፈሩ ውጭ የለም፣ ውስጥም የለም። ወስዶ ደብቆታል።»

ከዚያ ስድስቱም ዓይኖች... ኧረ የብዙወርቅን ከቆጠርን ስምንቱም ዓይኖች፣ ማዕዘኑ ላይ ወደ ተዘረጋው ምንጣፍ ዞሩ። ምንጣፉ የጃለቱ ነው። ጃለቱ በኦቦ በኩል ያሉትን መንደሮች እየዞረች ሕፃናት የምትከትብ፣ ነፍሰ ጡሮችን የምታይ ነርስ ናት። ተኩሱ የጀመረ ዕለት ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር የሚነዳው ልጅ የሆቴሉ በር ላይ ከነሻንጣዋ አውርዷት፣ ሞተሩን አዙሮ እግሬ አውጪኝ አለ። ከዚያ ወዲህ እዚህ መጋዘን ውስጥ ነው የምታድረው። የሀልካኖ ወገን አይደለችም። ከሁለቱ ከሚታኮሱት ወገኖች ሀልካኖ ከአንዱ፣ እሷ ከሌላው ናቸው፤ ያም ሆኖ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠው ሽሮ በልተዋል።

በ2006 ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ነው ይሄ የሆነው። ምን እንዳጣላቸው ብትጠይቅ አንዱ የምርጫውን ነገር ያነሣልሃል፣ ሌላው የግጦሹን፤ ሲተኮስ ግን ማንም ምክንያቱን አይጠይቅም። በኬንያ በኩል ያለው ይህ የድንበር ከተማ በአንድ ጠዋት ተነቅሎ፣ ፍራሽ የተሸከመው ተሸክሞ፣ ፍየል የጎተተው ጎትቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ኢትዮጵያ በኩል ተሻገረ። የዳኜ ቤተሰብም ሊሻገር ነበር። ትንሹን ልጃቸውን ኢዛናን ከጎረቤት ጋር አስቀድመው ላኩትና ቤቱን ቆልፈው ተከተሉ። ታዲያ ምን ይሆናል፣ ብዙወርቅ ድንበሩ ላይ ሳትደርስ ዓይኗ ጨለመ። ትንፋሽ አጥሯት መንገድ ላይ ቁጭ አለች። ብድግ ስትል ደግሞ ወደቀች። ባሏ ተሸክሞ ሊሮጥ ሲል ተኩሱ ከፊታቸው ተከፈተ፤ ወደ ኋላ ተመልሰው ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ በር አልተከፈተም። አበበች «በሷ የተነሳ ነው» ብላ አልተናገረችም፤ ግን በየሰዓቱ «እህህ» እያለች ትተነፍሳለች፤ ከመናገሩ ይልቅ ያ እህህታ ነበር ብዙወርቅን የሚያቃጥላት።

«ሲስታ» አለ ሀልካኖ፣ ጃለቱ ፊቷን ታጥባ ስትገባ። በኬንያ በኩል ነርስን ሁሉም እንዲያ ነው የሚጠራው። «አንተ ነህ የቆፈርከው?»

«እኔ አይደለሁም» አለች ጃለቱ።

«እዚህ የሚተኛ ሌላ ማን አለ?»

«እንጃ። እኔ ግን አይደለሁም።»

«ሌሊት በስልክ ታወራለህ። በሹክሹክታ! እኔ ሰምቻለሁ። ለማን ነው? እዚህ ሀልካኖ አለ፣ ኑ ውሰዱት እያልክ ነው?»

«ኦቦ ያለች አራስ ናት! ትኩሳት ይዟታል። ምን እንደሚያደርጉላት ነው የምነግራቸው።»

«ታዲያ ለአራስ ምን ሹክሹክታ አስፈለገ?»

«እናንተ ተኝታችሁ ነዋ፣ ሀልካኖ!» አለች ጃለቱ፤ ድምፅዋ ተሰበረ።

ብዙወርቅ የበሩ መቃን ላይ ተደግፋ ነበር። መናገር ነበረባት። ጃለቱ ዞር ብላ አየቻት። ፊቷን አይደለም፣ እጇን ነው ያየችው። ብዙወርቅ ጣቶቿን ጭብጥ አድርጋ ከነጠላዋ ሥር ሸሸገች። ጃለቱም ወዲያው ዓይኗን መለሰች፣ ምንም እንዳላየ ሰው።

ዳኜ ላብ ላብ ብሎታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለሃያ ዓመት በዚህ ከተማ ሲነግድ ማንንም ሳያስቀይም የኖረ ሰው ነው። «እኛ ሀበሾች በዚህ ነገር የለንበትም» የሚለውን ቃል ለሁለቱም ወገን ደጋግሞ ነግሯል፤ እነሱም እስካሁን ቤቱን አልነኩም። አሁን ግን ግድግዳው ተቀዷል። ነገ በዚያ ቀዳዳ የጠመንጃ አፈሙዝ ቢገባስ? አንዱ ወገን «የጠላታችንን ሰው ደብቀሃል» ብሎ ቢመጣስ?

«ሲስታ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ዓይኗን ሳያይ። «ቀትር ላይ አዛን ሲባል ተኩሱ ጋብ ይላል። ያን ጊዜ... ወደ ፖሊስ ካምፑ ብትሄጂ ይሻላል።»

«ጋሽ ዳኜ፣ ካምፑ እኮ ከሜዳው ማዶ ነው። ሜዳው ላይ የታየ ሰው በሁለቱም በኩል ይተኮስበታል። ትናንት ያን ሽማግሌ አላየህም? እስካሁን የሚያነሳው አጥቶ እዚያው ተጋድሟል።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለ ዳኜ። «ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?»

ሀልካኖ የስኳሩን ጆንያ እየጎተተ ቀዳዳው ላይ ቆለለው፤ ገብታ የነበረችው ፀሐይም ከመጋዘኑ ጠፋች።

---

ያ ነገር እንዴት እንደጀመረ ብዙወርቅ ራሷ በውል አታውቀውም። ኢዛናን ከወለደች ወዲህ የወር አበባዋ ሲመጣ ዝም ብሎ አይመጣም፤ ፍራሽ አልፎ መሬት ይነካል። ሳምንት አልፎም አይቆም። ለማን ትናገረዋለች? የሴት ሁሉ ዕጣ ነው ብላ ጨርቋን በድብቅ አጥባ፣ በድብቅ አሰጥታ ኖረች። ፀጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ ወጣ። ጀሪካን አንስታ ሁለት እርምጃ ስትሄድ ታርፋለች። አበበች «ወይ የዘንድሮ ልጅ፣ ወገቡ ከጭድ ነው» እያለች ታላግጥባት ነበር። ብዙወርቅም አብራ ትስቅ ነበር፣ ምን ታድርግ።

ከዚያ አንድ ቀን ዝናብ ጣለ። ዱቄት ልትሰፍር መጋዘን ገብታ ሳለ የረጠበው ግድግዳ ሸተታት። ወይ ሽታ! የትኛውም ወጥ፣ የትኛውም ዳቦ እንዲያ ሸቷት አያውቅም። ምራቋ ሞላ። መጀመሪያ አፍንጫዋን አስጠጋች፤ በማግሥቱ በምላሷ ነካችው፤ በሦስተኛው ቀን ቆርሳ ጎረሰች። ጥርሷ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ዕንባዋ እስኪመጣ ድረስ ጣማት። ከዚያ ወዲያ መቼ ትታው! ከጆንያው ጀርባ ቁጢጥ ብላ፣ አንድ ጆሮዋን በሩ ላይ አድርጋ፣ ኩርማን ኩርማን እያደረገች ስትበላ ከረመች። በእነዚህ ሦስት ቀናትማ ፍርሃቱም ሥራ መፍታቱም ተጨምሮበት እጇን መሰብሰብ አቃታት። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ፣ ጃለቱ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ ገብታ ስትፍቅ ጣቷ ሾልኮ ውጭ ወጣ። ንፋስ ነካው። ያን ጊዜ የሠራችውን አወቀችው።

የማትናገርበት ምክንያት ደግሞ ነበራት። የእናቷ ታናሽ እኅት፣ ልጆች የወለደች ደህና ሴት፣ አፈር ስትበላ የተገኘች ዕለት «ለክፏታል» ተባለ። እጇን በገመድ አስረው ጸበል ወሰዷት። ባሏ ዓመት ሳይሞላው ሌላ አገባ፤ ልጆቿን ወደሷ ዳግም አላመጧቸውም። ብዙወርቅ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ የገመዱን ሰንበር ግን በአክስቷ አንጓ ላይ አይታዋለች። አበበች ደግሞ ጸበል ትወዳለች፤ «ይቺ ልጅ ደህና አይደለችም፣ የሆነ ነገር አለባት» ማለት ከጀመረች ከርማለች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ኢዛና ካለበት ማዶ ወደሷ አይመለስም።

ጓዳ ውስጥ ምስር እየለቀመች ሳለ ጃለቱ ገባች። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«ማማ ኢዛና፣ እጅሽን አሳዪኝ» አለቻት፣ በአገሩ ልማድ በልጇ ስም ጠርታ።

«ምን አደረገሽ እጄ?»

«አሳዪኝ ብቻ።»

ብዙወርቅ እጇን ሰጠቻት። ጃለቱ ከጣሳው በጣቷ አንዲት ጠብታ ውኃ ነክራ ጥፍሯ ላይ አኖረቻት። ጠብታዋ አልወረደችም። ጥፍሯ መሃሉ ጎድጉዶ ስለነበር እዚያው ተኝታ ቀረች።

«ይኸውልሽ» አለች ጃለቱ። «ጥፍር እንዲህ መሆን የለበትም። ወደ ላይ እዪልኝ።» የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ሳብ አደረገችው። «ቀይ መሆን የነበረበት ነጭ ነው። ልብሽ ይደልቃል? ጆሮሽ ይጮኻል?»

«ይጮኻል።»

«የወር አበባሽስ? ብዙ ነው?»

ብዙወርቅ በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች።

«አፈር ያምርሻል?»

«ኧረ በማርያም! እኔ?»

«ነውር አይደለም፣ እኅቴ። በሽታ ነው። ደም የሚሠራው በብረት ነው፤ በየወሩ ብዙ ሲፈስሽ ብረቱ አለቀብሽ። ብረት ያለቀበት ሰው አፈር ያምረዋል፣ በረዶ ያምረዋል፣ ከሰል ያምረዋል። ለምን እንደሆነ ሐኪሞቹም አጥርተው አያውቁትም። ግን ሰይጣን አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም። ያን ቀን መንገድ ላይ የጣለሽም እሱ ነው።»

ብዙወርቅ ምስሩ ላይ አቀርቅራ ማልቀስ ጀመረች። ለስንት ጊዜ ስትፈራው የኖረችው ነገር ስም እንዳለው ዛሬ ሰማች። ስም ካለው መድኃኒትም ይኖረዋል ማለት ነው። ደስ ሊላት ሲል አንድ ነገር ትዝ አላት።

«እኔ መሆኔን አውቀሻል» አለች።

«አውቄያለሁ። ጥፍርሽን ትናንት ሻይ ስትሰጪኝ ነው ያየሁት። ዛሬ ቀዳዳውን ሳይ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ሊያስገድሉሽ እኮ ነው!»

ጃለቱ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «የታመመ ሰው ገመና ነው። እኔ አደባባይ ባወጣው፣ ከዚህ በኋላ የትኛዋ ሴት እጇን ትሰጠኛለች? አልናገርም። ግን ፈርቻለሁ፣ ማማ ኢዛና። ጀግና እንዳልመስልሽ። ስለዚህ እለምንሻለሁ። አንቺ ተናገሪ።»

«ልጄን ይወስዱብኛል።»

«እለምንሻለሁ» አለች ጃለቱ እንደገና።

ብዙወርቅ ምስሩን መልቀም ቀጠለች፤ ጠጠሩን ወደ ምስሩ፣ ምስሩን ወደ ጠጠሩ እየጣለች።

---

አዛኑ ተሰማ። ከመስጊዱ በኩል ድምፁ ሲወጣ ተኩሱ እውነትም ጋብ አለ፤ ከተማው ፀጥ ረጭ አለ። ዳኜ የኋላውን የቆርቆሮ በር መቀርቀሪያ ቀስ አድርጎ ሳበው። ብረቱ ሲጮህ ፊቱን አጨማደደ። ሀልካኖ የጃለቱን ሻንጣ ይዞ ቆሟል፤ እሱም ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሲስታ፣ በርታ» አለ። «ቶሎ ቶሎ ሂድ። አትሩጥ ግን፤ የሮጠ ይተኮስበታል።»

ጃለቱ ሻርፗን አውልቃ ነጯን የነርስ ካፖርት ከላይ ደረበች። ነርስ መሆኔን አይተው ይምሩኛል ብላ ነው። አበበች ከንፈሯን እየመጠጠች አማተበች። ማንም ማንንም አላየም። ያኔ ብዙወርቅ ወደ መጋዘኑ ገባች። የስኳሩን ጆንያ ለመግፋት ሞከረች፤ አቃታት። እንደገና ገፋችው፤ ዓይኗ እየጨለመ፣ ጆሮዋ እየጮኸ ገፋችው፤ ጆንያው ተንሸራተተ። እጇን ሰዳ ከግድግዳው ቡጭቅ አድርጋ ወደ ግቢው ወጣች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን?» አለ ዳኜ፤ በሩን በአንድ እጁ እንደያዘ።

ብዙወርቅ አፈሩን አፏ ውስጥ ጨመረች። በሁሉም ፊት አኘከችው። በዚያ ፀጥታ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ሁሉም ሰማው። ዋጠችውና የቀረውን ደግሞ ጎረሰች። አገጯ ላይ በአፈሩ የቀላ ምራቅ ወረደ። ዕንባዋ ከአፈሩ ጋር እየተደባለቀ፣ «እኔ ነኝ የበላሁት። ከክረምት ጀምሮ እየበላሁት ነው» አለች። «ሲስታ ምንም አላደረገችም። ማሰር ከፈለጋችሁ እሰሩኝ።»

«ውሸት!» አለ ሀልካኖ። «ሲስታን ለማዳን ነው። ሰው ግድግዳ ይበላል እንዴ?»

«ና፣ እይ።» የሀልካኖን ክንድ ይዛ እየጎተተች ወሰደችው፤ ተከትለዋት ገቡ። አራት ጣቶቿን ከቀዳዳው ዳር ካለው ፍቅፋቂ ላይ አኖረቻቸው። ልክ ገጠሙ። ጥፍሯ ሥር ያለው አፈርና የግድግዳው አፈር አንድ ቀለም ነው። ሀልካኖ ጣቶቿን አየ፣ አፏን አየ፤ ሻንጣው ከእጁ ወረደ።

«ወይኔ ልጄን!» ብላ አበበች ደረቷን መታች። «ያልኩት ደረሰ! ለክፏታል ብዬ ነበር፣ ማን ሰማኝ!»

ጃለቱ ከበሩ ተመልሳ መጥታ ነበር። ብዙወርቅን አየቻትና «ልናገር?» አለቻት።

«ተናገሪ።»

«እማማ፣ አልለከፋትም። ደም አንሷት ነው» አለች ጃለቱ። ስለ ብረቱ፣ ስለ ጥፍሩ፣ ስለ ዓይኑ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ወር አበባው ግን በወንዶቹ ፊት ዝም አለች፤ «በውስጥ ብዙ ደም ይባክንባታል» ብላ አለፈችው። «መድኃኒቱ ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ለኦቦ ነፍሰ ጡሮች የያዝኩት ቀይ ኪኒን ነው።»

«ቀይ ኪኒን?» አለች አበበች። «እሱንማ አምና ከጤና ጣቢያ ሰጥተዋት ነበር፤ ደክሞኛል ብላ ስትሄድ። አንድም ቀን አላጎደለችም፣ እኔ ነኝ ያስዋጥኳት! ምንም አልረዳት። ጭራሽ ሰገራዋ ጥቁር ሆነብኝ ብላ ፈርታ ተወችው።»

ጃለቱ ቀና አለች። «በምንድን ነበር የምታስውጧት?»

«በሻይ ነዋ! በወተት ሻይ፤ ያኔ የጾም ጊዜ አልነበረም። ለታመመ ሰው የዚህን አገር ጨዋማ ውኃ እሰጣለሁ እንዴ? በየቀኑ ጠዋት ወተቱን ገዝቼ፣ ወፈር አድርጌ አፍልቼ፣ በእጄ ይዤ ነው ያጠጣኋት።»

«ውይ እማማ» አለች ጃለቱ ቀስ ብላ። «ሻይና ወተት እኮ ብረቱን ይይዙታል። ወደ ደሟ አይገባም። ኪኒኑ በአፏ ገብቶ እንዲሁ ወጣ። ጥቁር የሆነውም እሱ ነው፤ አያስፈራም፣ አሁንም ይጠቁራል።»

አበበች አፏን ከፍታ ቀረች። «እኔ ነኛ» አለች በመጨረሻ። «እኔው ነኛ፣ በገዛ እጄ! ወተቱን ከሩቅ ድረስ ሄጄ እየገዛሁ!» ወደ ብዙወርቅ ሄዳ፣ በአፈር የተለወሰ አፏን በነጠላዋ ትጠርግላት ጀመር። ስትጠርግ እጇ ኃይለኛ ነበር፤ የምትቆጣ ይመስል ነበር፤ ግን ታለቅስ ነበር። «ሰነፍ ነሽ ያልኩሽን እርሺልኝ። እርሺልኝ፣ እሺ?»

ብዙወርቅ ትከሻዋ ላይ ተደገፈች፤ መቆሙም አቅቷት ነበር።

ሀልካኖ ከሁሉም ራቅ ብሎ ቆሞ ጺሙን ያክ ነበር። «ሚስቴ» አለ፤ «ሲያረግዝ ከገበያ ለስላሳ ድንጋይ ይገዛል። ቁጭ ብሎ ይበላል። እኔ ስቄበት ነበር።» ከዚያ የጃለቱን ሻንጣ በሁለት እጁ አንስቶ፣ አቧራውን በክርኑ ጠርጎ ሰጣት። «ፖሌ፣ ሲስታ። በጣም ፖሌ።» ሄዶ የቆርቆሮውን በር ራሱ ዘጋው፤ መቀርቀሪያውንም እስከ መጨረሻው ገፋው።

ጃለቱ ግን ይቅርታውን ወዲያው አልተቀበለችም። ጀርባዋን ሰጥታው ሻንጣዋን ከፍታ ዕቃውን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግፋ ኪኒኖቹን ፈለገች። «በቀን አንድ» አለች ለአበበች። «በንጹሕ ውኃ። ሎሚ ወይም ብርቱካን ከተገኘ ከሱ ጋር። ሻይ፣ ቡና፣ ወተት ከሱ በፊትም በኋላም ይራቅ፤ መጠጣት ካማራት ቆይቶ፣ ሆዷ ሌላ ሥራ ሲይዝ። ያቅለሸልሻት ይሆናል፣ አትተወው። ደህና ሆንኩ ብላም አትተወው፤ ወራት ነው የሚወስደው። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ሆስፒታል ሄዳ ደሟ ይለካ፣ የሚፈስሳት ለምን እንደሆነ ይታይላት። አለበለዚያ እኛ እየሞላን እሱ ያፈስሳል።»

«መንገዱ ሲከፈት» አለ ዳኜ። ሚስቱ አፈሩን ስትበላ ካየ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የተናገረው።

መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ማንም አያውቅም። ጸሎቱ አብቅቶ ነበር፤ ከሜዳው በኩል አንድ ተኩስ ተሰማ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ደበላልቆ ያወርደው ጀመር። ሁሉም ጎንበስ ጎንበስ እያሉ የብሎኬቱ ክፍል ገቡ። ዳኜ ግን ተመልሶ ወጣ። ለየሰው ድርሻ ተለክቶ የተቀመጠ የመጠጥ ውኃ ነበር፤ የራሱን ኮዳ አምጥቶ በብርጭቆ ቀዳና ለሚስቱ አቀበላት። ኪኒኗን ዋጠች። ጉሮሮዋ ላይ የቀረ አፈር ስለነበር አሳላት፤ እንደገና ጠጣች።

ዳኜ አጠገቧ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት፣ «ምነው ለእኔ እንኳ ሳትነግሪኝ?» አላት። «ባልሽ አይደለሁም? አንድ አልጋ ላይ እየተኛን? አንቺ ስታልቂ እኔ... ምን ፈርተሽ ነው?»

ብዙወርቅ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ አሰበች። ልታስቀይመው አልፈለገችም። ግን ዛሬ አንዴ አፏን ከፍታዋለች፤ መልሳ መዝጋቱ አታከታት።

«አሁን ለሲስታ የከፈትከውን በር» አለችው።

ዳኜ «እንዴት እንደዚያ...» ብሎ ጀመረና አቆመ። ማዶ ጃለቱ ጭንቅላቷን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ተቀምጣለች፤ አበበች ጀርባዋን ታሻታለች። ከውጭ ጥይቱ በቆርቆሮው ላይ እያፏጨ ያልፋል። ዳኜ ብርጭቆዋን አየው፣ ባዶ ነው።

«ውኃ ልጨምርልሽ?» አላት።

«ጨምርልኝ» አለችው።